ተቀበል፤ በመድረክ ላይ ለባልደረባ እውነተኛ ስለ መሆን

(በሰንጋ ተራ በተደረገው የቴአትር ቡድናችን ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ሁለት ተዋንያን በአንድ መድረክ ላይ ፊት ለፊት ሲቆሙ አንዱ ለሌላው ስለሚገባው የስሜት እውነተኛነት ነው። ለመሆኑ ቴአትር ራሱ ማስመሰል አይደለምን? ንጉሥ ያልሆነው ንጉሥ ነኝ ይላል፤ ያላገባችው ባሌ ሞተ ብላ ታለቅሳለች፤ ተመልካቹም ይህን ሁሉ እያወቀ ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል። እንግዲህ በማስመሰል ቤት ውስጥ እውነተኛነት ምን ቦታ አለው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነውና መልስ ይገባዋል።

የተሰበሰብንበት ሰፈር ለመልሱ መነሻ ይሰጠናል። ዛሬ የባንኮች ረጃጅም ፎቆች የቆሙበት ሰንጋ ተራ፥ ስሙ እንደሚነግረን፥ የሰንጋ መሸጫ ነበር። የከብት ገበያ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ሻጩ የመጨረሻውን ዋጋ አይናገርም፤ ገዥውም በኪሱ ያለውን አይገልጥም። ሻጩ በዚህ ዋጋ ከምሸጠው አርጄ ብበላው ይሻለኛል ይላል፤ ገዥው ደግሞ ጀርባውን አዙሮ የሚሄድ ይመስላል። ማስመሰላቸውን ሁለቱም ያውቃሉ። ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት ከእነዚያ ሁለት ሰዎች የበለጠ አንዱ ሌላውን አጥብቆ የሚመለከት አይገኝም። ሻጩ የገዥውን እርምጃ ይቆጥራል፤ ገዥው የሻጩ ድምፅ የት ላይ እንደ ላላ ያዳምጣል። ቃላቸው ጨዋታ ነው፤ መደማመጣቸው ግን እውነት ነው። በእኛ አስተያየት የቴአትርም እውነት ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ከዚህ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፥ በዚያን ጊዜ አጠራሩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ በ1948 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት የታየው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የታሪኩ ምንጭ መጽሐፈ ሳሙኤል ነውና ሁላችንም እናውቀዋለን። በመጽሐፉ እንደምናነበው ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሡ በገባ ጊዜ በቀጥታ አልወቀሰውም፤ ስለ አንድ ባለጠጋ፥ ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በግ ተረከለት። ዳዊትም ተረቱን ከልቡ ሰምቶ ተቆጣ። ባለጠጋውና ድኻው በተረት ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ የንጉሡ ቁጣ ግን በእውነት የነደደ ቁጣ ነበር። ይህን ቁጣ ያመጣው ናታን እንባውን ስላፈሰሰ አይደለም፤ ዳዊት የሰማውን ስለ ተቀበለ ነው።

አሁን ወደ ሙያው ክርክር እንምጣ። ተዋናይ የሚጫወተውን ኀዘን በልቡ ሊያዝን ይገባዋልን? ፈረንሳዊው ዴኒ ዲድሮ እርሱ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1830 በታተመው ድርሰቱ፥ ታላቅ ተዋናይ ልቡ ቀዝቅዞ የሌሎችን ልብ የሚያሞቅ ነው ሲል ተከራክሯል። ሩሲያዊው ስታኒስላቭስኪ፥ ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮን የሥነ ጥበብ ቴአትር ያቋቋመው፥ ተዋናይ ከውስጥ ካልኖረበት ሥራው ባዶ ቅርፊት ነው የሚለውን መንገድ አስተማረ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ እኛም ዛሬ አንጨርሰውም። ነገር ግን የአገራችን አልቃሽ ለዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር ናት። ሟቹን በሕይወቱ አይታው አታውቅ ይሆናል። ቢሆንም ለቅሶው ላይ ቆማ የእናቱን ፊት፥ የወንድሙን አንገት መድፋት፥ የልጁን ዝምታ እያየች ሙሾዋን ታወርዳለች። ከዚያ የቆመው ሕዝብ ሁሉ ያለቅሳል። ከዘመድ የባሰች አዘንተኛ ናት ያላት የለም፤ ሐሰተኛ ናት ያላትም የለም። ለምን ቢባል ያየችውን መልሳ ስለምትሰጥ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ተሰምቶኛል ወይስ አልተሰማኝም?» መሆኑን ትተን «ባልደረባዬ የሰጠኝን ተቀብያለሁ ወይስ አልተቀበልሁም?» ብንል ይሻላል። ይህን በአንድ ቃል የሚናገር ባህል አለን። በአዝማሪ ቤት ከተቀመጡት አንዱ ግጥም ይዞ ሲነሣ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪውም በማሲንቆው እየታገዘ ቃሉን ይቀበላል። ግጥሙን አስቀድሞ አላጠናውም፤ የሰማው በዚያችው ቅጽበት ነው። ሰጪው በፌዝ ሰጥቶት እንደሆነ በፌዝ፥ በቁጭት ሰጥቶት እንደሆነ በቁጭት ያወጣዋል። ያልሰማ አዝማሪ ወዲያው ይታወቃል፤ ቤቱም ይስቅበታል። አሜሪካዊው የቴአትር መምህር ሳንፎርድ ማይስነር በኒው ዮርክ ሁለት ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት አስቀምጦ፥ አንዱ በሌላው ላይ ያየውን እንዲናገር፥ ሌላውም ያንኑ ቃል መልሶ እንዲደግመው ያለማምድ ነበር። ቃሉ ሲመላለስ ቃሉ ራሱ ትርጉሙን ያጣና በመካከላቸው ያለው ነገር ብቻ ይቀራል። ይህን ስንሰማ አዲስ ጥበብ መጣ ብለን ልንደነቅ እንችላለን፤ ዳሩ ግን የጥበቡ ሥር በየአዝማሪ ቤቱ ሲዘፈን የኖረ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ከሰው አገር የተመለሰ ልጅ እናቱን የሚያገኝበት ትዕይንት አለ እንበል። እናት ሆና የምትጫወተው ልጅ እንባዋን በቤቷ አዘጋጅታ መጥታለች፤ «መጣህልኝ!» ከሚለው ቃል ላይ እንደምታለቅስ ወስናለች። ልጁን የሚጫወተው ግን በዚያ ምሽት እንደ ወትሮው እየሮጠ አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ «ታውቀኝ ይሆን?» የሚል ፍርሃት ነበረበት። እርሷ ግን የዝምታውን ፍርሃት ሳትሰማ በተወሰነው ቃል ላይ የተወሰነውን እንባ አፈሰሰች። እንባው እውነተኛ እንባ ነው፤ ጨው ያለው፥ ጉንጭ የሚያርስ ነው። ቢሆንም ተመልካቹ ያየው በአንድ ቤት የተገናኙ እናትና ልጅን አይደለም፤ በሁለት ቤት ለየብቻቸው የሚያዝኑ ሁለት ሰዎችን ነው። ምናልባት ያጨበጭብ ይሆናል፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ይዞት የሚሄደው ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ወጋየሁ ንጋቱን ጠቅሶ ሊቃወመን ይችላል። ወጋየሁ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርከው ሽማግሌውንም ወጣቱንም፥ ሴቱንም ወንዱንም ብቻውን ሆኖ ነበር። ባልደረባ ሳይኖረው አገር ሁሉ በየሬዲዮው ዙሪያ ሰብስቦ አላስለቀሰምን? በእርግጥ አስለቅሷል። ነገር ግን ትረካውን በጥሞና ያደመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ ተናግሮ ሲያበቃ የሚመልሰው ገጸ ባሕርይ ወዲያው አይመልስም፤ የተነገረው ቃል መጀመሪያ ይደርስበታል። ወጋየሁ በአንድ ጉሮሮ ውስጥ ሰጪም ተቀባይም ነበር። ብቻውን ሆኖ እንዲህ ካደመጠ፥ ሕያው ሰው በፊታችን ቆሞልን ለማንሰማ ለእኛ ምን ማመካኛ ይኖረናል?

እንግዲህ በመድረክ ላይ መቀበል ይህን ያህል ከጠቀመ፥ የሚከለክለን ምንድን ነው? በአብዛኛው የሚከለክለን ይሉኝታ ነው። በልምምድ ክፍል ውስጥ አንዱ ለሌላው «ግሩም ነው፥ አበጀህ» ይላል። ከዚያ ሻይ ቤት ሲቀመጥ ለሦስተኛ ሰው «ከእርሱ ጋር መሥራት ከግድግዳ ጋር እንደ መነጋገር ነው» ይላል። በፊት ያልተነገረው በኋላ ሐሜት ይሆናል፤ ሐሜቱም ዞሮ ባለቤቱ ዘንድ ይደርሳል። በማግስቱ ሁለቱ በመድረክ ላይ ፍቅረኞች ሆነው ሲቆሙ በመካከላቸው የቆመው ሻይ ቤቱ ነው። በተጨማሪም የማዕረግ ነገር አለ። የአራተኛ ዓመቱ ተማሪ ለአንደኛ ዓመቱ፥ መምህሩም ለተማሪው በተውኔቱ ውስጥ ወንድምና ወንድም ሊሆኑ ይችላሉ። በመድረክ ላይ «አንተ» ያለውን ሰው ከመድረክ ሲወርድ «እርስዎ» ይለዋል፤ ይህም ጨዋነት ነውና ይቅር አንልም። ነገር ግን «እርስዎ» እያሉም እውነት መናገር ይቻላል። «መምህር፥ በሦስተኛው ክርክር ላይ ዐይንዎን አጣሁት» ብሎ የሚናገር ተማሪ መምህሩን አላዋረደም፤ ለሥራው ክብር ሰጠ እንጂ።

የአነጋገሩ ዓይነት ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። «ስሜትህ ውሸት ነው» የሚል አነጋገር እውነት የሚናገር ይመስላል፤ ሆኖም የሰውን ልብ ውስጥ አይቻለሁ ማለት ነውና ማንም አይችለውም። «ይህን ቃል ስነግርህ አልደረሰህም መሰለኝ፤ ቶሎ መለስህልኝ» የሚለው ግን የታየን ነገር ብቻ ይናገራል፤ የሚታረምም ነው። ይሉኝታን ትተን ጭካኔን ብንይዝ ከአንዱ ገደል ወጥተን ሌላው ውስጥ መግባት ነው።

አሁን ከሁሉ የከበደውን እንናገር። እውነተኛነት የሚባለው ስም ለሌላ ነገር መሸፈኛ ሲሆን አይተናል። በአንድ የተማሪዎች ቡድን ውስጥ የደረሰ ነው፤ የማን ቡድን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። ባል በክርክር መካከል ሚስቱን ክንዷን ይዞ የሚጎትትበት ትዕይንት ነበር። በልምምዱ ሁሉ በቀስታ ሲይዛት ሰነበተ። ሕዝብ በተሰበሰበበት ምሽት ግን ጨምድዶ ያዛት፤ ጮኸች፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። መጋረጃው ሲዘጋ ክንዷ በልዞ ነበር። ለምን እንዲህ አደረግህ ብትለው «ስሜት ይዞኝ ነው» አላት። አዘጋጁም እውነተኛ ስለ ነበረ ነው ሕዝቡ ያጨበጨበው አለ። እርሷም ነገሩን ለሌላ ሰው ሳትናገር በሚቀጥለው ዓመት ከቡድኑ ቀረች። ቡድኑ ያጣው ጥሩ ተዋናይት ነው፤ ይህንንም እስከ ዛሬ የቆጠረው ያለ አይመስለንም።

«ስሜት ይዞኝ ነው» የሚለውን ምክንያት እንመርምረው። ያ ወጣት ስሜቱ በዝቶበት ነበርን? ለእኛ የሚመስለን የተገላቢጦሹ ነው። በዚያች ሰዓት የተሰማው ራሱ ብቻ ነበር፤ በእጁ የያዘው ክንድ የማን ክንድ እንደ ሆነ አልተሰማውም። ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ በባልደረባው ፊት ላይ የሚስቲቱ ፍርሃት ጠፍቶ የራሷ የልጅቱ ሕመም ሲመጣ ባየው ነበር። ሕዝቡም ያጨበጨበው ተውኔቱ ለቆመበት ቅጽበት ነው፤ በዚያ ጩኸት ላይ ባልና ሚስቱ ጠፍተው አንድ ተማሪ ሌላዋን ተማሪ የሚያሳምምበት መድረክ ብቻ ቀርቶ ነበርና። በመድረክ ሙያ የታወቀ ነው፤ ጉተታ በሚታይበት ትዕይንት እንቅስቃሴውን የሚመራው ተጎታቹ ነው እንጂ ጎታቹ አይደለም። ጎታቹ ኃይሉን በፊቱና በጀርባው ያሳያል፤ እጁ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጥፊም እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞ ዐይን ለዐይን ሳይገናኙ እጅ አይነሣም።

የሰፈራችን ስም አብሮት ሲጠራ በኖረው በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተማሩት ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን «ኦቴሎ»ን እናስብ። በመጨረሻው ላይ ባል የሚስቱን ትንፋሽ ያቋርጣል። ይህ ትዕይንት በሳምንት ብዙ ጊዜ ሊታይ የሚችለው ተኝታ የምትጠብቀው ተዋናይት በሚመጣው ሰው እጅ ላይ ፍጹም እምነት ስላላት ነው። እምነቱ በጨመረ መጠን አስፈሪነቱ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ራሷን ስለ መጠበቅ ማሰቧን ትታ የዴዝዴሞናን ልመና በሙሉ ልቧ ልትለምን ትችላለች። የታሪኩም ምስጢር ከርእሳችን አይርቅም። ኦቴሎ የጠፋው ስሜት አንሶት አይደለም፤ በፊቱ የቆመችውን ሚስቱን ሳይሰማ ከጆሮው ሥር የሚያንሾካሹከውን ኢያጎን በመስማቱ ነው።

ሴቶች ወደ መድረካችን የወጡበትን መንገድ ብናስታውስ የጉዳዩ ክብደት ይታየናል። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ተውኔት ወደ መድረክ በወጡበት ዘመን፥ የሴት ገጸ ባሕርይ ሲጫወቱ የኖሩት ወንዶች ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. ያረፉት እኒህ ሴት በክራራቸውም በትወናቸውም ያን በር በከፈቱ ጊዜ ብዙ ስም ወጥቶላቸዋል፤ መድረክ ላይ የቆመች ሴት በአዳራሹ ተጨብጭቦላት በመንገድ ላይ የምትነቀፍበት ጊዜ ነበርና። በዚያ ዋጋ የተከፈተውን በር «ስሜት ይዞኝ ነው» በሚል ሰበብ አንዲት እኅታችን ወጥታ ብትዘጋው ኪሳራው የእርሷ ብቻ አይሆንም።

ሌላም ተቃውሞ ይቀርባል። ጀርመናዊው ብሬሽት ተዋናይ በስሜት መዋጥ የለበትም፥ ሁኔታውን ማሳየት አለበት ይል ነበርና፥ የስሜት እውነተኛነት ለእርሱ ዓይነት ቴአትር ምን ይፈይዳል? ጸጋዬ ከብሬሽት «እናት ከራዥ» ተነሥተው በአብዮቱ ዘመን «እናት ዓለም ጠኑ»ን ለአገራችን መድረክ አቅርበዋል። እንዲህ ባለው ተውኔት ተዋናይቱ እንባዋን ብትከለክልም፥ ወታደሩ ዋጋ ሲጠራ የድምፁን ብርድ መስማት አለባት፤ ካልሰማችው የምትነግደው ከማን ጋር ነው? እንግዲህ ስሜትን በማብዛት ቢሠራም በመቆጠብ ቢሠራም መቀበል የሁለቱም መሠረት ነው።

ይህን ሁሉ መናገራችን ለንግግር ብቻ አይደለም። በሚመጣው መንፈቅ ዓመት ቡድናችን የአቶ መንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ሊያሳይ አስቧል። ተውኔቱ ኮሜዲ ነው፤ ጉዳዩ ግን ጠለፋ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠለፋን ጋብቻ የማይሽረው ወንጀል አድርጎታል፤ ይሁን እንጂ ሕግ በወጣ ማግስት ትዝታ አይጠፋም። ከተመልካቹ መካከል፥ ምናልባትም ከእኛው መካከል፥ ነገሩ በቤተ ሰቧ የደረሰባት ልትኖር ትችላለች። ሳቁ ሳቅ እንዲሆን፥ ሕመሙም በቦታው እንዲታወቅ፥ የሚጫወቱት ልጆች እርስ በርሳቸው የሚተማመኑ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች በቡድናችን ደንብ ውስጥ እንዲገቡ እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ከልምምድና ከትርኢት በፊት ባልደረቦች ለአምስት ደቂቃ ያህል ለብቻቸው ይነጋገሩ። የደከመው ደክሞኛል፥ ኀዘን ያለበት ኀዘን አለብኝ ይበል፤ ምክንያቱን የመዘርዘር ግዴታ ግን የለበትም። እጅ የሚነካበት፥ የሚያዝበትና የሚወደቅበት ቦታ ሁሉ ከአዘጋጁ ጋር ይወሰን፤ በእያንዳንዱ ምሽት መጋረጃ ሳይከፈት በቀስታ አንድ ጊዜ ይደገም።

ሁለተኛ፥ በመድረክ ላይ ድምፅ፥ ዝምታና አተያይ ነጻ ይሁኑ፤ ከምሽት ምሽት ቢለወጡ የቴአትር ሕይወት ነው። በልምምድ ያልታየ የእጅ ሥራ ግን በሕዝብ ፊት አይጨመር። የጨመረም «ስሜት ይዞኝ ነው» ብሎ አይመለስ።

ሦስተኛ፥ ትርኢቱ ባለቀበት ምሽት እያንዳንዱ ባልደረባውን «የት ላይ ጠፋሁብህ?» ብሎ ይጠይቅ። ተጠያቂውም ያየውን አንድ ነገር በግልጽ ይንገረው፤ ለባልደረባው ያልነገረውን ለሻይ ቤት አይንገር። ጥያቄው ከትልቁ ይጀምር፤ በዕድሜ ወይም በማዕረግ የሚበልጠው አስቀድሞ ሲጠይቅ ታናሹ አፉ ይፈታለታልና።

በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ መምህራኖቻችን እንዲተቹ፥ ጓደኞቻችንም እንዲከራከሩ እንለምናለን። ይልቁንም በየልምምዱ አንድ ነገር ደርሶባቸው ዝም ያሉ እኅቶችና ወንድሞች ካሉ፥ በዚህ ስብሰባም ባይሆን ለሚያምኑት ሰው ይናገሩ። ደንቡ የሚረጋው በእነርሱ ቃል ነው፤ የእኛም ተራ መቀበል ነው።